ሦስቱንም መርፌ ተወግቻለሁ፤ ታዲያ ተጠብቄአለሁ ማለት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባሉ የጥርስ ክሊኒኮች ከሚሠሩ ሰዎች የደረሱን ናቸው። የጻፉልን ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ረዳት ነርስ፣ የክሊኒክ ባለቤትና የጽዳት ሠራተኛም አሉበት። የሁሉም ጉዳይ ክትባት ነው። አብዛኛው ጥያቄ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ክትባት የሚመለከት ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ «ማራኪ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ጊዜ ተወግቻለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ተመርምሬ ‹ነፃ ነሽ› ተብያለሁ። ከእንግዲህ አያሰጋኝም ማለት ነው?»

መልስ፦ ሦስቱንም መጨረስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ያቆማል። ‹ነፃ ነሽ› የተባሉበት ምርመራ ግን የጠየቁንን ነገር አይመልስም። በየጤና ጣቢያውና በየግል ላቦራቶሪው በብዛት የሚሠራው፣ ጥቂት ደም ስትሪፕ ላይ ተደርጎ በደቂቃዎች ውስጥ መስመሩ የሚነበበው፣ ኤችቢኤስ አንቲጅን የሚባለው ምርመራ ነው። እሱ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ዛሬ ቫይረሱ ደምዎ ውስጥ የለም። ነገ መርፌ ቢወጋዎት አይዝዎትም ማለት ግን አይደለም። አንድም ቀን ተከትቦ የማያውቅ ጤነኛ ሰውም ውጤቱ ያው ኔጋቲቭ ነው።

ክትባቱ መያዙን የሚያሳየው አንቲ ኤችቢኤስ የሚባለው ሌላ ምርመራ ነው። ወረቀቱ ላይ በቁጥር መጻፍ አለበት፤ «ፖዘቲቭ» ብቻ ከሆነ ቁጥሩን ይጠይቁ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ተጠብቀዋል። ከ10 በታች ከሆነ እንዳልተጠበቁ ይቆጠራል። ምርመራው ናሙና ወደ ሌላ ከተማ መላክ ቢጠይቅ እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም። አንዴ ከ10 በላይ መሆኑ በወረቀት ከተመዘገበ፣ ቁጥሩ ከዓመታት በኋላ ቢወርድም ጤነኛ ሰው ዳግም መመርመርም ሆነ መከተብ አያስፈልገውም፤ ሰውነቱ ቫይረሱን ለይቶ ስለሚያውቀው ሲያገኘው ፈጥኖ ይነሳበታል።

ይህ ምርመራ በትክክል የሚሠራበት ጊዜ ሦስተኛው መርፌ ከተወሰደ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያውን መስከረም 15 የወሰደ ሰው ሁለተኛውን ጥቅምት 15፣ ሦስተኛውን መጋቢት 15 ይወስዳል፤ ደሙን ከሚያዝያ 15 እስከ ግንቦት 15 ባለው ጊዜ ይሰጣል። እርስዎ ሁለት ዓመት ስላለፈዎት አሁኑኑ ይመርመሩ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ከ10 በታች ከሆነ አንድ መርፌ ይጨምሩና ከ1 እስከ 2 ወር ቆይተው ይመርመሩ። አሁንም ካልደረሰ ሁለት መርፌ ተጨምሮ ሁለተኛው ዙር ሦስት ይሞላል፤ ከዚያ የመጨረሻው ምርመራ ይደረጋል። ስድስት መርፌ ወስዶም ቁጥሩ ያልደረሰለት ሰው ቫይረሱ ቀድሞ ይዞት እንደሆነ ይታያል። ቫይረሱም ከሌለበት፣ ክትባቱ ያልያዘለት መሆኑ ካርዱ ላይ ይጻፋል። በተወጋ ቁጥር የሚደረግለት እርዳታ ከሌላው ሰው የተለየ ነውና።

ክትባቱ ለምን አልያዘም? ከ40 ዓመት በታች ከሆኑ ጤነኞች ከአስሩ ከዘጠኝ በላይ ለሚሆኑት ይይዛል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ በጣም የወፈረ፣ ስኳር ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሲሆን ይቀንሳል። እነዚህ ከሰውየው ናቸው። ከሰጪው የሚመጡትም ጥቂት አይደሉም። መርፌው መቀመጫ ላይ ከተወጋ መድኃኒቱ ስብ ውስጥ ይቀራል፤ ለአዋቂ ትክክለኛው ቦታ የላይኛው ክንድ ጡንቻ ነው። የልጆቹ ብልቃጥ 10 ማይክሮ ግራም በግማሽ ሚሊ ሊትር ሲሆን ለአዋቂ በብዛት የሚሰጠው 20 ማይክሮ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይወጉ። ሦስተኛው ምክንያት ክትባቱ በረዶ መያዙ ነው፤ እሱን ከታች እናየዋለን።

ይህን ያህል የምናጠብቀው በምክንያት ነው። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ ሲወጋ፣ እንደ ታማሚው የቫይረስ መጠን፣ ከመቶ ከ6 እስከ 30 የመያዝ ዕድል አለው። ለኤችአይቪ ይኸው ዕድል ከሺህ 3 ገደማ ነው። ቫይረሱ ደርቆ የቀረ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ የሕክምና ወንበሩ መብራት እጀታ፣ የመሳቢያው መያዣ፣ ያልተጠረገ ትሪ ሁሉ ይህን ሊይዝ ይችላል። ቫይረሱ ያለበት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም። «የወፍ በሽታ ያለበት ሲመጣ እጠነቀቃለሁ» የሚል ረዳት የሚጠነቀቀው ከጥቂቶቹ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ የጥርስ ክሊኒክ አለኝ፤ ሠራተኞቼ ዘጠኝ ናቸው። ምን ምን ክትባት ያስፈልጋቸዋል? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስከተብ አቅሜ አይፈቅድምና ማንን ላስቀድም? ክትባቱን ገዝቼ ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጥስ?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሄፓታይተስ ቢ። በሀገራችን ሄፓታይተስ ቢ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው አምስት በሽታ የሚከላከለው ጥምር ክትባት ሲገባ በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሠራተኛዎ፣ ማለትም ምናልባት ዘጠኙም፣ በልጅነቱ አልወሰደውም። «በልጅነቴ ተከትቤያለሁ» የሚልዎትን ካርዱን ይጠይቁት።

ማን ይቅደም ለሚለው፣ የደመወዝ ተራ አይከተሉ። ዘወትር የምናየው ስህተት ሐኪሞቹ ተከትበው ዕቃ አጣቢዋና ጽዳት ሠራተኛዋ መቅረታቸው ነው። የተነቀለ ጥርስ ያለበትን ትሪ የምታነሳው፣ ጥርስ የሚጠረግበትን መሣሪያ፣ የስኬለሩን፣ ጫፍ በእጇ የምትቦርሸው፣ ቆሻሻውን የምታስረው እሷ ናት። የምትወጋው ደግሞ የማን ደም እንዳለበት በማይታወቅ መርፌ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሐኪሞቹን፣ ረዳቶቹን፣ ዕቃ አጣቢዋንና ጽዳት ሠራተኛዋን አንድ ላይ ያስከትቡ። ተለማማጅ ተማሪ ካለዎት እጁ ገና ስላልሠለጠነ እሱም እዚሁ ይግባ፤ አፍ ውስጥ እጁን ከማስገባቱ በፊት ቢያንስ ሁለቱን ይውሰድ። ካርድ የሚያወጣውና ሒሳብ የሚቀበለው ሠራተኛ፣ ሰው ሲጎድል ወንበሩ ጋር የማይታገዝ ከሆነ፣ በሁለተኛው ዙር ቢሆን ጉዳት የለውም።

ወጪውን በተመለከተ፣ የአዋቂው ክትባት 10 ሰው የሚከትብ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ሆኖም ይመጣል። ዘጠኝ ሠራተኛ ያለው ክሊኒክ ከጎረቤት ክሊኒክ አንድ ሰው ጨምሮ በአንድ ቀን ብልቃጡን ቢጨርስ ብክነት አይኖርም። መጀመሪያ ኤችቢኤስ አንቲጅን ማስመርመርም ይበጃል፤ ቫይረሱ ላለበት ሰው ክትባቱ ጉዳት ባይኖረውም አይጠቅመውምና ገንዘቡ ለሌላው ይውላል። ምርመራው ግን ከመርፌው በፊት ይሁን። በተከተቡ እስከ 18 ቀን ድረስ ክትባቱ ራሱ ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያስመስል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል።

ቀጥሎ የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ ጥምር ክትባት ነው፤ ቲዲ የሚባለው። ሴት ሠራተኞችዎ ከ15 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች በሚሰጠው መርሐ ግብር አምስቱን ወስደው ሊሆን ስለሚችል ካርዳቸውን ይዩ። የሚዘነጉት ወንዶቹ ናቸው። አንድም ያልወሰደ አዋቂ ሁለተኛውን ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ይወስድና በየ10 ዓመቱ አንድ ይደግማል።

ኩፍኝን በቀላሉ አይዩት። ቫይረሱ ታማሚው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ክፍሉ አየር ውስጥ ይቆያል። ማስክ አውልቆ አፍ ከፍቶ የሚቀመጥ ታካሚ በሚፈራረቅበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ኩፍኝ ያልያዘውና ሁለት ጊዜ መከተቡን የሚያሳይ ካርድም የሌለው ሠራተኛ፣ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን አንድ ላይ የሚከላከለውን ክትባት ቢያንስ በ28 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይውሰድ። ቺክንፖክስ የሚባለው ጉድፍ ያልያዘው ሰውም ክትባቱ ከተገኘ እንዲሁ ሁለት ጊዜ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ የሚደገም ሲሆን ለመያዝ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ጥርሱን ያመመው እንግዳም ወደ እናንተ ነው የሚመጣው፤ ከተገኘ በኅዳር ይውሰዱት።

ፍሪጁን በተመለከተ የምንመክርዎት አለመግዛትዎን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው መብራት ጠፍቶ እንዳይሞቅ ነው፤ ይህን ክትባት ፈጥኖ የሚያበላሸው ግን በረዶው ነው። የአልሙኒየም ጨው ስላለበት አንዴ በረዶ ከሠራ ጨው ይቋጠርና ኃይሉን ያጣል። ቀልጦ ሲያዩት ደግሞ ደህና ይመስላል። የጥርስ መሙያው ኮምፖዚት የሚቀመጥበት ትንሹ ፍሪጅ፣ ከላይ በረዶ ቤት ያለው፣ ግድግዳውን የነካውን ብልቃጥ በአንድ ሌሊት ያቀዘቅዘዋል። የተጠረጠረ ብልቃጥ የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ባች ቁጥር ሌላ ብልቃጥ ተወስዶ ሆን ተብሎ ሌሊቱን በረዶ ይደረግና ይቀልጣል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይናጡና ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ 30 ደቂቃ ይታያሉ። የተጠረጠረው በረዶ እንደሠራው እኩል ወይም ከእሱ ፈጥኖ ታች ከዘቀጠ ይጣላል። ይህን ሁሉ ከማድረግ ሠራተኞችዎን ይዘው የቀዝቃዛ ሰንሰለት፣ ማለትም ክትባት በትክክለኛው ቅዝቃዜ የሚጠበቅበት አሠራር፣ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይቀላል። ክትባቱን ከሌላ ከተማ የግድ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ የበረዶው ጥቅል ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆይ፤ ብልቃጡ ከጥቅሉ ጋር አይነካካ።

ጥያቄ፦ «ሁለቱን ወስጄ ሥራ ስቀይር ሦስተኛው ቀረ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። እንደገና ከአንድ ልጀምር?»

መልስ፦ አይጀምሩ። የወሰዱት አይጠፋም። ሦስተኛውን አሁኑኑ ይውሰዱና ከ1 እስከ 2 ወር በኋላ አንቲ ኤችቢኤስ ይመርመሩ። የቀረዎት ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ እሱን ዛሬ ወስደው ሦስተኛውን ቢያንስ ከ8 ሳምንት በኋላ ይወስዱ ነበር። ማራዘም ክትባቱን አያበላሽም፤ ማቻኮል ግን ያበላሻል። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል 16 ሳምንት ካልሞላ ሦስተኛው አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ «አዘዞ በሚገኝ የጥርስ ክሊኒክ ጽዳት ነኝ። ቆሻሻ ሳስር መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ጨምቄ ደሙን አፈሰስኩት፤ በበረኪናም አጠብኩት። ክትባት ወስጄ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ሲያነቡ ቀናት ካለፉም ዛሬውኑ ይሂዱ። መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መርፌ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ መግባቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ከእንግዲህ ለሚወጋ ሰው፦ ቁስሉ አይጨመቅ፣ በረኪናም ሆነ አልኮል አይፍሰስበት፤ ሥጋውን ይጎዳል እንጂ ቫይረሱን አያወጣም። በሳሙናና በሚፈስ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ደም ወይም ምራቅ ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ከዚያ ሥራውን ትቶ መሄድ ነው። ሰዓቱ ከሥራ ውጪ ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለ።

እዚያ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው ኤችአይቪ ነው፤ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሁለተኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ያልተከተበ ሰው የመጀመሪያውን መርፌ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወስድ ክትባቱ ብቻውን እንኳ ብዙውን ይከላከላል። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው የተዘጋጀ አንቲቦዲ ከተገኘ በኪሎ 0.06 ሚሊ ሊትር ሆኖ፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3.6 ሚሊ ሊትር፣ ከክትባቱ በተለየ ቦታ ይወጋል። ከ7 ቀን በኋላ ጥቅሙ አይታወቅም። በቀላሉ የማይገኝና ውድ መድኃኒት ስለሆነ እሱን ፍለጋ ክትባቱ አይዘግይ። ሦስተኛው ሄፓታይተስ ሲ ነው፤ ክትባትም ሆነ መከላከያ መድኃኒት የለውም፤ በክትትል ምርመራ ቢገኝ ግን በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። መርፌው የማን እንደነበረ ከታወቀ ታካሚው ፈቅዶ ቢመረመር ነገሩን ሁሉ ያቀላል። እርስዎም በመጀመሪያው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንት፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይመርመሩ።

ለክሊኒኩ ኃላፊ የምንለው አለን። መርፌ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው የመርፌ መጣያው ሣጥን (ሴፍቲ ቦክሱ) ከወንበሩ ሲርቅ ወይም ከሦስት አራተኛው በላይ ሲሞላ ነው። ማደንዘዣ የወጋው ሐኪም መርፌውን ራሱ ያስወግድ። መልሶ መክደን የግድ ከሆነም ክዳኑን ትሪ ላይ አስቀምጦ በአንድ እጅ ይክደን። ለጽዳት ሠራተኛም ስስ የምርመራ ጓንት ሳይሆን ወፍራም የጽዳት ጓንት ይግዙላት።

ጥያቄ፦ «የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ክሊኒኩ ክትባት ጀምሯል። ልውሰድ?»

መልስ፦ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቲዲና በመርፌ የሚሰጠው ኢንፍሉዌንዛ ሕያው ቫይረስ ስለሌለባቸው በእርግዝና ይወሰዳሉ። እንዲያውም ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ሄፓታይተስ ቢን አሁን መጀመርዎ ይበጃል። የኩፍኝ ጥምሩና የጉድፍ ክትባት ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስላለባቸው ከወለዱ በኋላ ይሁን፤ ጡት ማጥባት አይከለክላቸውም። ያላረገዙ ባልደረቦችዎ ከተከተቡ በኋላ አንድ ወር ሳያረግዙ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ «ለክትባት ስመረመር ኤችቢኤስ አንቲጅን ፖዘቲቭ ሆነብኝ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ አበቃ ማለት ነው?»

መልስ፦ አላበቃም። በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው የሚያሳዩት ከመቶ ሰው ወደ ሰባት የሚሆነው ቫይረሱ እንዳለበት ነው፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። መጀመሪያ ውጤቱ ከ6 ወር በኋላ ይደገም፤ አሁንም ካለ ሥር የሰደደ ነው ይባላል። እስከዚያም የጉበት ኢንዛይም፣ የቫይረስ መጠንና አልትራሳውንድ ይሠሩና ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ። የሚያስፈልገው ሰው በየቀኑ አንድ ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን ይጀመርለታል፤ የቫይረሱን መጠን በእጅጉ ያወርዳል። መንቀልና መሙላትን የመሰለውን የዘወትር ሥራ፣ ጓንትና ንጽሕና ጠብቆ እስከ ሠራ ድረስ፣ ይህ ብቻውን አይከለክልም። ሰፊ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ከሆነ ግን የቫይረሱ መጠን ዝቅ ማለቱን አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ያረጋግጡ። የትዳር አጋርዎና ልጆችዎ ተመርምረው ይከተቡ። ውጤቱን ያወቀ አሠሪ ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሰው ለምርመራ ክንዱን የሚሰጠው ይህን ሲያምን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ለሳንባ ነቀርሳ ቢሲጂ ብንደግም? የማጅራት ገትርስ?»

መልስ፦ ቢሲጂ ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ ይጠብቃል፤ አዋቂ ላይ ቢደገም የሳንባውን እንደሚከላከል አልታየም። እናንተን የሚጠብቃችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለውን ታካሚ ሥራው የማያስቸኩል ከሆነ መጀመሪያ ለአክታ ምርመራ መላክ፣ የግድ ከሆነም ኤን 95 ማስክ አድርጎ መስኮት ከፍቶ በቀኑ መጨረሻ ማከም ነው። የማጅራት ገትር ክትባት በሙያችሁ ምክንያት የሚታዘዝ አይደለም፤ ሀገራችን በሽታው በሚበረታበት የአፍሪካ ቀበቶ ውስጥ ስላለች ዘመቻ ሲታወጅ እንደማንኛውም ነዋሪ ውሰዱ።

ጥያቄ፦ «ሦስተኛው መርፌ ዐቢይ ጾም ላይ ዋለብኝ፤ ምግብ ሳልቀምስ ብወጋ ያደክመኛል? ወይስ ከፋሲካ በኋላ ላድርገው?»

መልስ፦ ክትባቱ በባዶ ሆድም በሙሉ ሆድም እኩል ይሠራል። መርፌ ሲያዩ ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ተቀምጠው ይወጉና 15 ደቂቃ ሳይነሡ ይቆዩ። ጾሙን ያፈርሳል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተወዋለን። እስከ ፋሲካ ቢያቆዩትም ሦስተኛው መርፌ በመዘግየቱ አይበላሽም፤ ብቻ ቀኑን ካርዱ ላይ በእርሳስ ጽፈው ይያዙ።